የእትዬ መርፌ መስኮት

ለተከበርከውና ለራቅከው ታላቅ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ከመድረሱ በፊት ኃጢአቴ ይቅደም። እኔ እህትህ፣ በሙሉ አእምሮዬና ማንም ሳያስገድደኝ፣ «እንዳትነኪ» ብለህ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈህበት የሄድከውን ግራጫ ሹራብህን ከሄድክ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ እየለበስኩት መሆኔን በዚህ ጽሑፍ አምኛለሁ። ቁልፉን ያገኘሁት አንተ ብቻ የምታውቀው በሚመስልህ ቦታ፣ ማለትም ከቁም ሣጥኑ ሥር ነው። ግራ እጅጌው ላይ ኮላ ፈሶበት እንደ ጣውላ ደርቋል፤ ክርኔን ስዘረጋ ይንቋቋል። ፍርዱን እዚያው ሆነህ ስጥ። ቅጣቱን ለመፈጸም ግን ባሕር ማቋረጥ ስላለብህ ብዙም አልተጨነቅኩም።

አሁን ወደ ሰላምታው። እንዴት ነህ ወንድም ጋሼ? እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ጠዋት ጠዋት የሚያስነጥስህ ነገር ለቀቀህ ወይስ አገር አቋርጦ ተከተለህ? እንቅልፉ፣ ሥራው፣ አለቃህ፣ ሁሉም ሰላም ነው? አክስታችንስ እንዴት ናት? ባሏስ አሁንም ቀልድ ሲነገራቸው የሚስቁት በሁለተኛው ቀን ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደህና ያልሆነው የኔ ሆድ ብቻ ነው። በሽታ እንዳይመስልህ፤ አንገሽግሾኝ ነው። ሰው በምግብ ብቻ የሚያቅለሸልሸው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በግድግዳም ያቅለሸልሻል።

ይህን የምጽፍልህ የአሮጌው ሰፈር ገጽታ ጥበቃ ኮሚቴ ቢሮ ደጃፍ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ በተጣለ ፕላን ጀርባ ላይ ነው። አባዬ ውስጥ ነው። እኔን «ልጆች ውጭ ይጠብቁ» ብለው አስወጡኝ። የአባዬን የካርቶን ሞዴል በሁለት እጄ ታቅፌ ሦስት ፎቅ ስወጣ ግን «ልጅ ናት፣ ተቀበሏት» ያለ አንድም አዋቂ አልነበረም። ዛሬ ይጸድቃል የተባለበት ቀን ነው። ምን እንደሚጸድቅ ከሥሩ ልንገርህ፤ እማዬ በስልክ «ሁሉም ደህና ነው» ከማለት በቀር እንደማትነግርህ አውቃለሁ።

ከእኛ ቤት ሁለት ቤት አለፍ ብሎ የነበረው ያ ዝቅ ያለ አሮጌ ቤት በዝናብ ፈርሷል። ቦታውን ባለ መድኃኒት ቤቱ ገዙና ታች መድኃኒት ቤት፣ ላይ መኖሪያ እንዲሠራላቸው ለአባዬ ሰጡት። አባዬ በሃያ ዓመት የአርክቴክትነት ዘመኑ ከተማ ዳር መጋዘን፣ ትምህርት ቤት፣ መጋዘን የሚመስል ትምህርት ቤት ሲሠራ ኖሮ በገዛ መንገዱ ላይ አንድ ቤት ሲሰጠው እንዴት እንደሆነ ብታየው! ጥርሱን እየቦረሸ ይስል ነበር። መንገዱን ከላይ እስከ ታች በእርምጃ ለካው። የእያንዳንዱን አሮጌ ቤት የመስኮት ቁመት፣ የድንጋዩን ረድፍ፣ ጣሪያው የሚያልቅበትን መስመር በደብተር መዘገበ። ጎረቤት ሁሉ «ምን ነካው?» አለ። እማዬ እንኳ «እኔን ሲያገባኝ እንዲህ አላየኝም» አለች።

ያወጣው ፕላን ግን፣ ምቀኝነቴን ልተውና፣ ያምር ነበር። ተራ ጡብ፣ ገባ ያሉ መስኮቶች፣ ቁመቱ ከጎረቤቶቹ እኩል፣ የተለጠፈ ጌጥ የሚባል የለው። አዲስ መሆኑን አይደብቅም፤ ግን ሽማግሌዎች መሃል እንደገባ ጨዋ ወጣት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። ላይኛው ፎቅ ላይ ደግሞ ከልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ግድግዳ ሁለት ሜትር ሸሸት ይላል። ለምን ስለው «ግድግዳ ከግድግዳ ጋር ሲላተም አልወድም፤ አየር ይለፍበት» አለኝ። ምክንያቱን እሱም በቅጡ አያውቀውም ነበር፤ እጁ ግን ያውቅ ነበር።

ከዚያ ኮሚቴው ገባበት። ሰብሳቢውን ጋሽ ቅርስ ብያቸዋለሁ። መነጽራቸውን ሁልጊዜ ግንባራቸው ላይ ነው የሚሰቅሉት፤ የሚያዩት በሐሳባቸው ስለሆነ መሰለኝ። በመጀመሪያው ስብሰባ «የኔ ወንድም፣ ይህ ሰፈር አደራ ነው። ዘመናዊነት ጥሩ ነው፤ ግን እዚህ አይደለም። እዚህ ቱሪስት ያልፋል» አሉት። እሳቸው ራሳቸው የሚኖሩት ከተማ ዳር፣ አዲስ ሕንፃ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው። አደራውን ለእኛ ትተው እሳቸው ሊፍቱን ወሰዱ።

በሁለተኛው ስብሰባ ቅስት ይጨመር፣ የእንጨት ሰገነት ይለጠፍ፣ ጡቡ በድንጋይ ይሸፈን አሉ። ድንጋይ ስልህ ድንጋይ እንዳይመስልህ። ከሲሚንቶ የሚታተም፣ ውፍረቱ ጣት የማያክል ልባጥ ነው። የማዕዘኑ ጫማ ቤት ባለፈው ዓመት ለብሶታል። ቆሜ ቆጠርኩት፤ አንዱ ድንጋይ ላይ ያለችው ስንጥቅ በየአራተኛው ድንጋይ ላይ፣ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ጠመዝማዛነት ትደገማለች። ትልቅ ሰው ለመምሰል ግንባሩ ላይ በእርሳስ መጨማደድ የሳለ ጎረምሳ አስብ። እናም ሽማግሌዎች ከብበውት «አይ ግርማ ሞገስ!» ይሉታል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ምራቄን እውጣለሁ፤ መትፋት ነውር ነው ብለው ያስተማሩኝ እነሱው ናቸውና።

በሦስተኛው ስብሰባ የዚያች የሁለት ሜትር ነገር ተነሳ። ጋሽ ቅርስ «ጥርሱ የወለቀ አፍ ታስመስለዋለች፤ ትደፈን» አሉ። ሌላው ሽማግሌ ደግሞ ፊት ለፊቱ መስኮት አንሶታል፣ ሦስት ይጨመርበት አለ። አባዬ ቀስ ብሎ «እዚያ ጋ እኮ ከጀርባው የደረጃው ግድግዳ ነው፤ ክፍል የለም» አላቸው። «ግድ የለም!» አለ ሽማግሌው፤ «መዝጊያቸው በምስማር ይመታ። ከውጭ መስኮት ከመሰለ ይበቃል!» ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው። ክፍል በሌለበት መስኮት!

አባዬስ? እሺ አለ። እኔን ስልኬን አስቀምጪ ሲለኝ አንዴም እሺ ሳልለው የኖርኩትን እሺ ሁሉ እሱ በአንድ ቀን ጨረሰው። በነጋታው ቅስቱን ሲስል አየሁት። እርሳሱን የያዘው የሞተች አይጥ በጅራቷ እንደሚይዝ ሰው ነበር።

አሁን የኔና ያንተ ጉድ ይመጣል። አንተ ከሄድክ ወዲህ ሞዴሉን የምሠራው እኔ ነኝ። ምስጥ ብለህ ስም ያወጣህልኝ በከንቱ አይደለም፤ ካርቶን ፊቴ ቆሞ አያድርም። የምሠራው ደግሞ አንተ ባስተማርከኝ ሕግ ነው፦ «የኛን በዝርዝር፣ የጎረቤትን በጅምላ።» የሚሠራው ቤት እያንዳንዱ መስኮት በምላጭ ይወጣል፤ በግራና በቀኙ ያሉት ቤቶች ግን ነጭ ሣጥን ናቸው። ቁመታቸው ከተስተካከለ አለቀ። ዓይን እንዳይሻሙ ነው አልከኝ። እውነት ለመናገር እኔ የወደድኩት ቶሎ ስለሚያልቅ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የትምህርት ቤት ቀሚሴን ላሳጥር እትዬ መርፌ ዘንድ ወጣሁ። እትዬ መርፌ ያልኩህ ያቺው ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ናቸው፤ ቀጭንና ቀጥ ያሉ ከመሆናቸውም በላይ ሲናገሩ ስለሚወጉ በቅርቡ ያወጣሁላቸው ስም ነው። ገና በር ላይ ሳለሁ «ደግሞ መጣሽ? ቀሚስሽን ባሳጠርኩ ቁጥር ምላስሽ ይረዝማል። የምቆርጠው ጨርቅ ወዴት እንደሚገባ አሁን ገባኝ» አሉኝ። ከንፈራቸው ላይ ሦስት መርፌ ነክሰው ነው እንዲህ የሚናገሩት፤ አንዱም አይወድቅም።

ክፍላቸውን ታውቀዋለህ። አንድ አልጋ፣ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ መስኮት። መስኮቱን ሟች ባላቸው ግድግዳውን በገዛ እጃቸው ሰብረው የከፈቱላቸው ነው፤ ያ የፈረሰው ቤት ዝቅ ያለ ስለነበር ብርሃኑ በጣሪያው ላይ አልፎ እንደ ልቡ ይገባል። መኪናው እመስኮቱ ሥር ነው። የያዙት ሥራ የዳኞች ካባ ነበር፤ ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር። አምፖላቸውን ለምን እንደማያበሩ ጠየቅኳቸው። «አምፖል ጥቁሩን ሁሉ አንድ ያደርግብኛል ልጄ። ክሩን ከጨርቁ የሚለይልኝ የቀን ብርሃን ብቻ ነው። ይቺ መስኮት ባትኖር እስካሁን አዝራር ስተክል በኖርኩ፤ እሱንም ዓይኔ ካገኘው» አሉኝ።

ቀጥለውም ደስ እያላቸው «አባትሽ እዚህ ጎን ሊሠራ ነው አሉ። እሰይ! ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ይሥራው። ለመሆኑ በየት በኩል ነው የሚመጣው?» ብለው በመርፌያቸው ወደ መስኮቱ ጠቆሙ። ዘንበል ብዬ ወደ ውጭ አየሁ። ያቺ ሁለት ሜትር ከተደፈነች አዲሱ ግድግዳ ከዚህ መስኮት የሚርቀው አንድ ስንዝር ነው። እጃቸውን ቢያወጡ ሲሚንቶ ይነካሉ። «እንጃ እትዬ፣ እኔ ካርቶን ነው የምቆርጠው» አልኩና ቀሚሴን ሳልለካ ሮጥኩ። ከኋላዬ «ዛሬ ደግሞ ምን ሰርቃ ነው?» ሲሉ ሰማኋቸው።

ቤት ገብቼ ሞዴሉን አየሁት። የእሳቸው ቤት ነጭ ሣጥን ነው። መስኮት የለው። ሦስት ስብሰባ ሙሉ እነዚያ ሽማግሌዎች «ትደፈን» ሲሉ የሚያዩት ድፍን ግድግዳ ነበር፤ ድፍን ያደረግኩት ደግሞ እኔ። ወንድም ጋሼ፣ ጫማ ቤቱን አይቼ ከተንገሸገሽኩት ይልቅ የገዛ እጄን አይቼ የተንገሸገሽኩት በለጠ። እነሱ የሌለ መስኮት ይለጥፋሉ፤ እኔ ያለውን ደፈንኩ። ሕጉ ያንተ ነው ብዬ ግማሹን ባንተ ላይ ላላክክ ሞከርኩ። ሩቅ ስለሆንክ አልደረሰህ ይሆናል እንጂ በደንብ ሰድቤሃለሁ።

ለአባዬ ነገርኩት። የድሮውን የማዘጋጃ ቤት የሰፈር ልኬት ወረቀት አውጥቶ ዘረጋ። እዚያም ግድግዳው ድፍን ነው፤ ባላቸው መስኮቱን የከፈቱት ከልኬቱ በኋላ ነዋ።

«ወረቀቱ ላይ መስኮት የለም» አለኝ።

«ወረቀቱ ላይ የለም፤ ግድግዳው ላይ ግን አለ» አልኩት።

«ሦስት ጊዜ መልሰውናል ልጄ። ባለ መድኃኒት ቤቱ ታክቶታል። አንዴ ደግመው ከመለሱን ሥራውን ለሌላ ይሰጠዋል፤ ያ ሌላው ደግሞ እንኳን መስኮት መንገዱንም ይደፍነዋል።»

«እና ዝም ልንል ነው?»

«ሐሙስ ይጽደቅ፤ ከዚያ በኋላ እናያለን።»

ከዚያ በኋላማ ምኑን እናያለን? ግድግዳ ነዋ! ይህን ግን አልተናገርኩም፤ ሲናገር ዓይኔን አላየኝማ። የልጁን ዓይን የማያይ አባት አስቀያሚ ነገር ነው። ጋሽ ቅርስን ብታዘባቸው ለመሳቅ ይሆነኛል፤ አባዬ ላይ መሳቅ አቃተኝ።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት አባዬ ጢሙን ሲላጭ እኔ ምላጬን አነሳሁ። የእትዬ መርፌን ነጭ ሣጥን ከሞዴሉ ሳልነቅል ጣሪያውን ገሽልጬ ጣልኩ። ውስጡ የካርቶን ጠረጴዛ አስገባሁ። በጎኑ መስኮቱን በልኩ ቆረጥኩት፤ በልኩ ስልህ በእርምጃ ሳይሆን ትናንት ሄጄ በሜትር ለክቼ ነው። ለእትዬ መርፌ ምክንያቱን አልነገርኳቸውም፤ «መጋረጃ ልትገዢልኝ ነው እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ ከአንዲት የመርፌ ቁራጭና ከጥቁር ክር እሳቸውን ሠርቼ ጠረጴዛው አጠገብ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙሬ አቆምኳቸው። ትንሽ ቀጠኑ እንጂ ቁርጥ እሳቸው ናቸው። ከላይ ሆኖ ዝቅ ብሎ ያየ ሰው ሁሉን ያያል፤ ክፍሉን፣ ሴትየዋን፣ መስኮቱን፣ ከመስኮቱ ወዲያ ደግሞ ያንን የተለበጠ ድንጋይ አፍንጫቸው ሥር። ሞዴሉን በጨርቅ ሸፍኜ ተሸከምኩት። አባዬ መንገድ ላይ «ዛሬ ዝም ብለሻል፤ አሞሻል?» አለኝ። እውነት ነው፣ አሞኛል።

እዚህ ከተቀመጥኩ አንድ ሰዓት ሊሆነኝ ነው። ከጎኔ እምነበረድ የሚመስል ግዙፍ ዓምድ አለ። በጣቴ ኳ ኳ አደረግኩት፤ ባዶ ነው። በጥፍሬ ጫፉን ፋቅ ሳደርገው ምን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? ካርቶን! የኔው ሙያ! የከተማው ቅርስ ጠባቂዎች ሲገቡና ሲወጡ ይደገፉታል። እኔ አልደገፈውም፤ አብሬው እንዳልወድቅ።

በሩ ገርበብ ብሏል፤ የጋሽ ቅርስ ድምፅ ይሰማኛል። አባዬና ባለ መድኃኒት ቤቱ ፊት ስለ አደራ እያወሩ ነው። ይህ ሲያልቅ ጨርቁ ይነሳል። እስከዚያው ሰላምታውን ላድርስ። እማዬ ጉንጭህን ሦስት ጊዜ ሳሚልኝ ብላለች፤ ወረቀቱን ስሜዋለሁ፣ አንተ ጨርሰው። አያታችን ፎቶ ይላክልኝ፣ ግን እየሳቅክ ያልተነሳኸውን ይላሉ፤ ጥርስህ ያሳስባቸዋል። ባለ መድኃኒት ቤቱ ስለማስነጠሱ ሲሰሙ «ሹራብ ይልበስ» አሉ፤ እኔ ግራ እጅጌዬን ወደ ኋላዬ ደበቅኩ። እትዬ መርፌ «እዚያ አገር ሱሪ ማን ያሳጥርለታል?» እያሉ ይጠይቁሃል። ለአክስታችን ናፍቆቴን፣ ለባሏም አክብሮቴን ንገርልኝ፤ ሳቁ ሲደርሳቸው ደግሞ

ቆይ። ጨርቁ ተነሳ።

ጋሽ ቅርስ «ይሄኛው ጣሪያው ተነቅሏል» አሉ። አንዱ «ስታመጣው ሰብራው ይሆናላ» አለ። የወንበር ድምፅ። ሰው እየተነሳ ነው። «ይህች ደግሞ ማን ናት?» አሉ ጋሽ ቅርስ። «ምን እየሠራች ነው?» ባለ መድኃኒት ቤቱ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ኧረ ይህቺ ልብስ ሰፊዋ ናት እንዴ? ካባዬን የሰፋችልኝ?» ያለው የኮሚቴው ጡረተኛ ዳኛ መሰለኝ። ጋሽ ቅርስ ወዲያው «ልኬቱ ላይ መስኮት የለም! የት አለ? የለም!» አሉ። አባዬ አሁን «ልክ ነው፣ የለም» ካለ ይህን ወረቀት ቀድጄ እበላዋለሁ።

አላለም። «አለ» አለ። «ወረቀቱ ላይ የለም፤ ግድግዳው ላይ ግን አለ። መስኮቱ መኖሩን እያወቅኩ ነው ይህን ፕላን ይዤላችሁ የመጣሁት። ያቺ ሁለት ሜትር ትመለስ።»

ጋሽ ቅርስ «እንግዲያው ዛሬ አይጸድቅም!» እያሉ ነው። ባለ መድኃኒት ቤቱ አንድ ነገር አጉረመረሙ፤ አልሰማሁትም። አሁን ደግሞ ካርቶን ከካርቶን ሲፋተግ ሰማሁ። ይህን ድምፅ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ፤ አባዬ አዲሱን ቤት ከሞዴሉ ላይ እየመዘዘው ነው። ጠረጴዛው ላይ ኳ አድርጎ አስቀመጠው። እርምጃው ወደ በሩ እየመጣ ነው። ሊገድለኝ ይሁን

በሩ ተከፈተ። አየኝ። በሽማግሌዎቹ ሁሉ ፊት፣ በዚያ በቤት ስሜ፣ ጮክ ብሎ፦

«ምስጥ! ምላጭሽን ይዘሽ ግቢ!»

ከኮሚቴው ደረጃ ላይ፣ ሐሙስ ረፋድ